የከተማ ውኃ መሥመርና የባለይዞታው ድርሻ
ለማኅበሩ አባላት ጉባኤ የቀረበ ንግግር




ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በሳንጃ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ትክል ድንጋይን ያገኛል። ይህችን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን መሰሎቿን በውኃ ሥራ ዓይን የሚመለከት መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር መንገድ ሸንተረርን ይከተላል፤ ከተማ ደግሞ መንገድን ይከተላል፤ ውኃ ግን ሸለቆን ይከተላል። ከዚህም የተነሣ ሰውና ውኃ በአንድ አገር እየኖሩ በከፍታ ተለያይተው ይገኛሉ። የከተማ ውኃ ሥራ ማለት በአጭሩ እነዚህን ሁለቱን የማገናኘት ሥራ ነው።

ማገናኘቱ በቧንቧ ነው፤ ቧንቧውም በገንዘብ ነው። ስለ ቧንቧው በየመጻሕፍቱ ብዙ ተብሏል፤ የሙያው ሰዎችም ስሌቱን በትምህርት ቤት ተምረውታል። ስለ ገንዘቡ ግን የሚነገረው ከምንጩና ከግድቡ ላይ ያልፋል፤ ወደ መንደሩ ሲደርስ ይቆማል። የዚህ ንግግር ዓላማ ከዚያ ከቆመበት ቦታ መጀመር ነው። ጥያቄዎቹም ሦስት ናቸው። ከዋናው መሥመር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለውን ቧንቧ ማን ይሠራዋል? ማን ይከፍልበታል? ከተሠራስ በኋላ የማን ይባላል?

ባለቤት ያልተገኘለት ርቀት

አንድ የከተማ ውኃ ሥራ ከላይ ወደ ታች ሲዘረዘር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ምንጩ፣ ይኸውም ጉድጓዱ ወይም ግድቡ፤ ቀጥሎ ፓምፑና ወደ ማጠራቀሚያው የሚወጣው መሥመር፤ ከዚያ ማጠራቀሚያው ራሱ፤ ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ዋና የማከፋፈያ መሥመር፤ ከዋናው ተከፍሎ ወደየመንደሩ የሚገባው ቅርንጫፍ፤ በመጨረሻም ከቅርንጫፉ ወደየግቢው የሚገባው ቧንቧና ቆጣሪው ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ብዙ ጊዜ በመንግሥት በጀት፣ በብድር ወይም በእርዳታ ይሠራሉ። በምረቃው ዕለት እንግዶች የሚጎበኙትም እነዚህኑ ነው። የመጨረሻውን፣ ማለትም የግቢውን ቧንቧና ቆጣሪ፣ ባለይዞታው በራሱ ወጪ እንዲያስገባ መደረጉ በአገሪቱ ከተሞች የታወቀ አሠራር ነው። ውኃ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ያቀርባል፤ ባለሙያ መጥቶ ርቀቱን ይለካል፤ የዕቃና የጉልበት ዋጋ ግምት ይወጣለታል፤ ከፍሎም ያስገባል።

አምስተኛው ክፍል፣ ይኸውም የመንደሩ ቅርንጫፍ መሥመር፣ በሁለቱ መካከል ወድቆ ይገኛል። ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ያወጣው ክፍል ሥራው በዋናው መሥመር ላይ ተጠናቋል ይላል። ባለይዞታው ደግሞ የእኔ ድርሻ ከደጄ ይጀምራል ይላል። በመካከሉ ያለው ሁለት መቶም ሆነ አምስት መቶ ሜትር ባለቤት የለውም። ማጠራቀሚያው ሞልቶ እያለ እናቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ባለቤት ባጣ ርቀት ምክንያት ነው።

ይህ ርቀት ባዶ ሆኖ ግን አይቀርም። መንግሥት ሳይደርስለት ሲቀር የሰፈሩ ሰው ራሱ ይደርስለታል። ኮሚቴ ይመረጣል፤ መዋጮ ይጣላል፤ ቦዩ በነዋሪው ጉልበት ይቆፈራል፤ ቧንቧው ከገበያ ይገዛል፤ የውኃ አገልግሎቱ ሠራተኞች መጥተው ያገናኙታል። እንግዲህ በብዙ ከተሞች የውኃ መረብ ትንሽ የማይባለው ክፍል በባለይዞታዎች ገንዘብና ጉልበት የተሠራ ነው ማለት ነው። የመዋጮው ታሪክ ግን በከተማው መዝገብ ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ይቀራል።

የመዋጮ ሥር

ተጠቃሚው ሠርቶ ተጠቃሚው ይጠብቀው የሚለው አሳብ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በአማራ አገር በባህላዊ መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች «የውኃ አባት» የሚሉት መሪ አላቸው። የውኃ አባት ቦዩ በየዓመቱ ሲጠረግ ሰዉን ይጠራል፤ ተራ ያወጣል፤ ጠብ ሲነሣ ይዳኛል። ቦይ ለመጥረግ ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ ካልሆነም ተራው ይታለፋል። ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ የሥራው ድርሻ የታወቀ ነው፤ ከሥራው የሚገኘው መብት የታወቀ ነው፤ ሁለቱን የሚያመሳክር ሰው አለ። በከተማው መዋጮ ውስጥ የመጀመሪያው አለ። የጎደሉት ሁለቱ ናቸው።

ውኃን መርቶ ማምጣትም ለጎንደር ከጥንት የታወቀ ጥበብ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት የመሠረቷት ከተማ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። በስማቸው የሚጠራው ጥምቀተ ባሕርም ዛሬ ድረስ ለበዓለ ጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመራ ውኃ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ እስከ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አወረደ። ያ ቧንቧ የሚሄደው ወደ አንድ ባለቤት ግቢ ስለነበረ ማን ይክፈል የሚል ጥያቄ አልተነሣበትም። ጥያቄው የሚመጣው በአንድ ቧንቧ ላይ ብዙ ግቢዎች ሲኖሩ ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 74 የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በከንቲባ የሚመሩ ማዘጋጃ ቤቶች አደረጋቸው። ውኃ ማቅረብንም ከማዘጋጃ ቤት ተግባሮች መካከል ቆጠረው። በዚያ ሕግ ከነዋሪው ወገን ለማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት የሚመረጡት የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ለከተማው የሚከፍለው ባለንብረቱ ስለሆነ በከተማው ጉዳይ የሚመክረውም እርሱ ነው። ጉድለቱም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ ተከራዩና ድኻው ውኃ ይጠጣሉ እንጂ አይመክሩም።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 47 ዐዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ ባለንብረት የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙን ለወጠ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ባለርስት ሳይሆን ባለይዞታ ሆነ። የብዙ ሺህ ቤቶች ባለቤትም ቀበሌው ሆነ። በ1973 ዓ.ም. የውኃ አቅርቦትና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሲቋቋም ደግሞ የከተሞች ውኃ ጉዳይ ከማዘጋጃ ቤቶች ይልቅ ወደ ማዕከል አመዘነ። ኋላም ሥልጣኑ ወደ ክልሎችና ወደየከተሞቹ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች ተመለሰ።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የገንዘቡን ጥያቄ በቀጥታ ነካው። በገጠር የሚሰበሰበው ክፍያ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን፣ በከተማ ግን ታሪፉ ሙሉ ወጪን እንዲመልስ አመለከተ። በ1994 ዓ.ም. የውኃ ሀብት ልማት ፈንድ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ የከተማ ውኃ አገልግሎቶችም ሠርተው የሚከፍሉት ብድር የሚያገኙበት በር ተከፈተ። በእነዚህ ሁሉ ሕጎችና ፖሊሲዎች ግን የሰፈር መዋጮ የሚባለው ነገር በሚገባው ቦታ ተጽፎ አይታይም። ይህ ዝምታ በተግባር ሦስት ጥፋቶችን ያስከትላል።

የመጀመሪያው ጥፋት፡- የቀጠነ ቧንቧ

መዋጮ የሰበሰበ ኮሚቴ ቧንቧ የሚገዛው በእጁ ባለው ገንዘብ ልክ ነው። ስለዚህ የቧንቧውን ስፋት የሚወስነው ስሌት ሳይሆን ኪስ ይሆናል። ይህም ምን እንደሚያስከትል በቁጥር ማየት ይጠቅማል።

ለምሳሌ ያህል 24 ቤቶች ያሉበት፣ ርዝመቱ 400 ሜትር የሆነ መንደር ይታሰብ። በየቤቱ 6 ሰዎች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢደርሰው መንደሩ በቀን 7,200 ሊትር ይፈልጋል። ውኃው ቀኑን ሙሉ ቢመጣ ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ውኃው በፈረቃ ለ4 ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሁሉም በዚያው ሰዓት ስለሚቀዳ ቧንቧው በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ማሳለፍ አለበት። ይህን ያህል ውኃ ውስጣዊ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ለስላሳ የፕላስቲክ ቧንቧ እስከ 400ኛው ሜትር ለማድረስ የሚባክነው ግፊት 22 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን የሚባክነው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እርግጥ በመንገድ ላይ ያሉ ቤቶች እየቀዱ ስለሚሄዱ ትክክለኛው ብክነት በሁለቱም ከዚህ ያነሰ ነው። ንጽጽሩ ግን አይለወጥም። ለአንድ ዓይነት የውኃ መጠን የቧንቧው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የግፊቱ ብክነት 29 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በደጋው አገር ደግሞ በአንድ መንደር የመጀመሪያው ቤትና የመጨረሻው ቤት በከፍታ ስለሚለያዩ ከማጠራቀሚያው የሚመጣው ግፊት አስቀድሞም የተመጠነ ነው። ብክነቱ ሲጨመርበት የመጨረሻው ቤት ቧንቧ በቀን አየር ይነፋል፤ ውኃ የሚያገኘው ጎረቤቱ ከተኛ በኋላ ነው። በመሥመሩ ጫፍ ያለችው እማወራ ከሌሎቹ እኩል ከፍላለች፤ እኩል ቆፍራለች፤ ነገር ግን እኩል አልጠጣችም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከዋናው መሥመር ድረስ ቀጭን ቧንቧ ሲስብ ነው። በአንድ መንገድ ዳር ስድስት ሰባት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ተኝተው ማየት ለሙያው ሰዎች አዲስ አይደለም። በአንድ ዓይነት የግፊት ብክነት አንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የስድስት ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቧንቧዎችን ያህልና ከዚያም በላይ ውኃ ያሳልፋል። ስድስቱ ሰዎች ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ በአንድ ቦይና በአንድ ቧንቧ ይበቃቸው ነበር። ያልተነጋገሩት ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያነጋግራቸው ንድፍና ደንብ ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት፡- ዘግይቶ የመጣው ጎረቤት

መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘብ አይኖረውም። ከ24ቱ ቤቶች በመጀመሪያ 10ሩ ብቻ ቢያዋጡና የቅርንጫፉ ወጪ፣ አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ 360,000 ብር ቢሆን ለእያንዳንዳቸው 36,000 ብር ይደርሳቸዋል። ሃያ አራቱም ቢካፈሉት ኖሮ ድርሻቸው 15,000 ብር ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀዳሚ ከድርሻው በላይ 21,000 ብር አበድሯል ማለት ነው። ለማን? ገና ላልመጡት ለ14ቱ ጎረቤቶች።

ይህ ብድር ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈም። ቧንቧው ከተገናኘ በኋላ የውኃ አገልግሎቱ ንብረት ይሆናል። አሥራ አንደኛው ሰው ሲመጣ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ወይ የግቢውን ቧንቧ ብቻ ከፍሎ ይገባል፤ ቀዳሚዎቹም ባዋጡት ላይ ሌላው ተመቸው ብለው ያዝናሉ። ወይም ቀዳሚዎቹ ይህ የእኛ ቧንቧ ነው ብለው ይከለክሉታል፤ ጉዳዩም ወደ ሽማግሌ፣ አልፎም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው የሚቀጥለው መዋጮ ነው። ቀድሞ የከፈለ ሰው ሁልጊዜ የሚከስር ከሆነ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። ሁሉም ሲጠባበቅ ቧንቧ አይዘረጋም።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። የመሥመሩ ሙሉ ወጪ፣ በመሥመሩ ላይ ሊገቡ የሚችሉ ግቢዎች ብዛትና የቀዳሚዎቹ ስም በውኃ አገልግሎቱ መዝገብ ከተጻፈ፣ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ሰው 15,000 ብሩን ለአገልግሎቱ ይከፍላል፤ አገልግሎቱም ለ10ሩ ቀዳሚዎች 1,500 ብር፣ 1,500 ብር ይመልሳል። አሥራ አራቱም ሲገቡ ሒሳቡ በትክክል ይዘጋል። የብር ዋጋ መለዋወጥና የቧንቧው ማርጀት በደንብ ሊታሰቡ ይችላሉ። ደንቡም ለተወሰነ ዘመን፣ ለምሳሌ ለ10 ዓመት፣ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ይህ የውኃ አባት ሥራ ነው፤ የተለወጠው መዝገቡ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት፡- ይዞታ የሌለው ጠጪ

ውኃ የሚያስገባው ባለይዞታ ከሆነ ይዞታ የሌለው ሰው ምን ይሆናል? በቀበሌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ የቤቱ ባለቤት አይደለም። በግለሰብ ቤት የተከራየም እንዲሁ። የይዞታ ማረጋገጫ ያልተሰጠው ሰው ደግሞ ገንዘብ ቢኖረውም ማመልከቻው ሊመለስበት ይችላል። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት አባወራ በሚኖርበት በአሮጌው የከተማ ክፍል አንድ ቆጣሪ ለሁሉም ሲያገለግል ይታያል። እዚህ ላይ የታሪፉ አሠራር ራሱ ድኻውን ይጎዳዋል። ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይክፈል ተብሎ የተደረደረው ታሪፍ የተሠራው አንድ ቆጣሪ አንድ ቤተሰብ ነው ከሚል አሳብ ነው። አምስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠጡ ድምሩ ወደ ላይኛው ዋጋ ይወጣል፤ በነፍስ ወከፍ ትንሽ የጠጡት በውድ ይከፍላሉ።

ስለዚህ የባለይዞታ መዋጮ መልካም ነው ሲባል ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ቦኖ ውኃ የሚባለው የሕዝብ ቧንቧ የድህነት ምልክት ነው ተብሎ የግል ቆጣሪ ሲበዛ የሚነቀል መሆን የለበትም። ይልቁንም የመንደሩ ቅርንጫፍ ሲነደፍ የቦኖው ድርሻ እንደ አንድ ትልቅ ግቢ ተቆጥሮ ወጪው ከከተማው አስተዳደር ሊሸፈን ይገባዋል። የቀበሌ ቤቶችን ድርሻ የሚከፍለውም ኪራይ የሚሰበስበው የቤቱ ባለቤት እንጂ ተከራዩ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ በልዩ ልዩ መንገድ ተፈትቷል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1613 የተፈጸመው ኒው ሪቨር የተባለው የውኃ ቦይ የአክሲዮን ማኅበር ሥራ ነበር። ማኅበሩ ውኃውን ከእንጨት በተቦረቦሩ ቧንቧዎች እያከፋፈለ የሚከፍለውን ቤት ብቻ ያጠጣ ነበር። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ደግሞ የመንገድና የውኃ መሥመር ወጪን መሥመሩ በፊታቸው በሚያልፍባቸው ቦታዎች ላይ እንደየግንባራቸው ርዝመት የመደልደል ልማድ ዳበረ። ምክንያቱም መሥመሩ የቦታውን ዋጋ ከፍ ስለሚያደርገው ከጥቅሙ ያገኘ ከወጪው ይካፈል የሚል ነው። ባለንብረቱም ድርሻውን በብዙ ዓመት ከፋፍሎ እንዲከፍል ይደረጋል።

የግንባር ርዝመት ድልድል ለሙያው ሰው ደስ የሚያሰኝ ቀላልነት አለው። ቢሆንም በደጋው ከተሞች እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በአሮጌው ሰፈር ብዙ ቤት በመንገድ ዳር ሳይሆን በጠባብ መግቢያ ውስጥ ነው፤ ግንባር የለውም፤ ውኃ ግን ይጠጣል። ሁሉም እኩል ይክፈል ቢባል ደግሞ ሆቴል ያለው ባለሰፊ ይዞታና በአንዲት ክፍል ጠላ ሸጣ የምትኖር ሴት እኩል ይሆናሉ። ለዚህ አገር የሚሻለው ቅይጥ ድልድል ነው። የቦዩና የቧንቧው ወጪ ከፊሉ ለሁሉም እኩል፣ ከፊሉ እንደ ይዞታው ስፋትና እንደ አጠቃቀሙ ዓይነት ይደልደል። የድልድሉ መጠን በየከተማው ሊለያይ ይችላል። መለያየት የሌለበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ድልድሉ ከቁፋሮው በፊት ታውቆ በሰፈሩ ስብሰባ መነበብ አለበት።

አንድ ቧንቧ ሦስት ጊዜ እንዳይከፈልበት

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ ዐዋጅ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ መሠረታዊ አገልግሎት የተሟላለት እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እንዲህ ከሆነ ቦታውን በሊዝ የወሰደ ሰው በከፈለው ዋጋ ውስጥ የውኃ መሥመሩም ይገኛል ማለት ነው። ያው ሰው ወደ ቦታው ሲገባ መሥመር አጥቶ በሰፈር መዋጮ ቢከፍል ሁለተኛ ይሆናል። የከተማው ታሪፍ ሙሉ ወጪን ለመመለስ ሲሰላ የዚያ መሥመር መነሻ ዋጋ ተጨምሮ ከወርኃዊ ሒሳቡ ላይ ቢጠየቅ ደግሞ ሦስተኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ ዐዋጅ ለከተሞች አገልግሎት ገንዘብ ማግኛ ተብሎ የታሰበ በመሆኑ ይህን ጉዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ባለይዞታው አይክፈል ማለት አይደለም። ቧንቧ ያረጃል፤ ቫልቭ ይሰበራል፤ ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። ሕዝቡ በመዋጮ የሠራው መሥመር ሲያረጅ የሚተካበት ገንዘብ ከታሪፉ መጠራቀም አለበት። መለየት ያለበት ግን የተከፈለው ዋጋና ገና የሚከፈለው ዋጋ ነው። የውኃ አገልግሎቱ የሒሳብ መዝገብ በመዋጮ የተሠራውን መሥመር «ከሕዝብ የተገኘ ንብረት» ብሎ ለብቻው ቢይዘው ይህን መለየት ይቻላል። ካልያዘው ግን ማንም ሊለየው አይችልም።

ከምንጩ እስከ ደጃፍ

አንዳንድ ባልደረቦች የጎንደር ችግር ምንጩ ነው እንጂ የሰፈር ቧንቧ አይደለም ይሉ ይሆናል። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ለከተማይቱ ውኃ ተብሎ በአንገረብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ከተፋሰሱ በሚወርደው ደለል መያዣው እየጠበበ ሄዷል፤ የከተማይቱ ሕዝብ ግን እየበዛ ሄዷል። በመገጭ ወንዝ ላይ የተጀመረው ግድብም ከ10 ዓመት በላይ ጊዜ የወሰደ ሥራ ነው። ምንጭ ከሌለ ቧንቧ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

መልሱ ግን ይህ ነው። ውኃ ሲያጥር በፈረቃ ይከፋፈላል፤ በፈረቃ ሲከፋፈል ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀዳል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲቀዳ የቀጠነው ቧንቧ ጥፋት ይገለጣል። እጥረት ባለበት ከተማ እንግዲህ የቅርንጫፉ ስፋት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ሁለተኛም ምንጩ በበዛ ጊዜ የቀጠነ ቅርንጫፍ የበዛውን ውኃ አያሳልፍም። ለግድቡ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ በመንደሩ ቅርንጫፍ ላይ መቆጠብ በሬ ገዝቶ ቀንበር እንደመንሣት ይቆጠራል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለው በአራት አሳቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ንድፍ ከመዋጮ ይቅደም። የውኃ አገልግሎቱ ለእያንዳንዱ መንደር ቅርንጫፍ ዝቅተኛውን ስፋት አስቀድሞ ይወስን። ሰፈሩ ለራሱ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ቧንቧ የሚጠየቀው ለወደፊቱ የከተማው እድገት ተብሎ ከሆነ የዋጋውን ልዩነት አገልግሎቱ ይክፈል። የቦዩ ቁፋሮ ለቀጭኑም ለሰፊውም ያው ስለሆነ ይህ ልዩነት ከሚያስፈራው ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፣ መዋጮ ይመዝገብ። የከፈለው ስም፣ የከፈለው መጠንና በኋላ የሚገባው ሰው የሚከፍለው ድርሻ በመዝገብ ይጻፍ። ከመዝገቡ ጋር መሥመሩ የት እንደተቀበረ፣ በምን ስፋትና ቫልቮቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ ንድፍ ይያያዝ። ከ20 ዓመት በኋላ ለጥገና የሚመጣው ወጣት መሐንዲስ መሬቱን በግምት እየቆፈረ እንዳይፈልገው ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ አቅም የሌለው በአንድ ጊዜ አይጠየቅ። የመግቢያው ዋጋ ተከፋፍሎ ከወርኃዊ ሒሳብ ጋር ይሰብሰብ። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ብዙ ቤተሰቦች በታሪፉ ሲሰሉ በቤተሰብ ብዛት ይታሰብላቸው። ቦኖውም ይጠበቅ።

አራተኛ፣ የከፈለ ይምከር። የ1937ቱ ሕግ ባለንብረቱን ብቻ ለምክር ጠርቶ ነበር። ዛሬ በየከተማው የውኃ ቦርድ ውስጥ የባለይዞታውም፣ የተከራዩም፣ ከቦኖ የሚቀዱትም ድምፅ ሊሰማ ይገባል። ሰው በሚያውቀው ሒሳብ ላይ አይጣላም፤ በተሰወረበት ላይ ግን ይጣላል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ስለ ሕዝብ መዋጮ ሲነገር የመሐንዲሱ ሥራ አይደለም፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሰፈሩ ገንዘቡን አዋጥቶ ቧንቧውን ሲገዛ የሚጠይቀው አስተዳዳሪውን አይደለም፤ ለመለካት የመጣውን ባለሙያ ነው። ስንት ይበቃል ብሎ ይጠይቀዋል። ባለሙያው ያን ጊዜ በኪሱ ልክ ሳይሆን በመጨረሻው ቤት ልክ ከመለሰ ሥራውን ሠርቷል።

ትክል ድንጋይ ስሟን ያገኘችው ከተተከለ ድንጋይ ነው። ድንጋይ የሚተከለው ደግሞ ኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያየውና እንዳይካካድበት ነው። በመሬት ውስጥ የሚቀበር ቧንቧ አይታይም፤ የተቀበረበትን ገንዘብና ጉልበትም አብሮ ይቀብረዋል። የእርሱ ምልክት መዝገቡ ነው። መዝገቡ ከተጻፈ፣ ቀድሞ የከፈለው አይከስርም፤ ዘግይቶ የመጣው አይከለከልም፤ በመሥመሩ ጫፍ ያለችውም እማወራ ጎረቤቷ እስኪተኛ አትጠብቅም።